አሮጌውን የጠረግኩበት ጊፋታ

ጊፋታ ሲቃረብ ወላይታ ውስጥ የማይጠረግ ነገር የለም። ቤት ይለቀለቃል፣ አጥር ይጠገናል፣ የተሸነቆረ ድስት ይጣላል፣ የተኳረፈም ይታረቃል። አዲስ ዓመትን ከአሮጌ ኮተት ጋር መቀበል ነውር ነው። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የሰፈሩ ሰዎች ቢሆኑም እኔ ጊፋታን ከጎረቤቶቻችን ጋር እየጠረግኩና እየበላሁ ነው ያደግኩት፤ በመብላቱማ ከማንም አላንስም። የዚያን ዓመት ግን መጥረጊያዬን ከወለሉ አሳልፌ ላፕቶፔ ውስጥ አስገባሁት። ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም።

ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ጠባብ ክፍል አለችኝ። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ ቦዲቲ ተወልዶ ቦዲቲ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ብዙም የማይሳሳት ሰው። እኔ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነኝ። እሱ ከቤቱ፣ እኔ ከሶዶ እንሠራለን። ኢንተርኔቱ ደስ ሲለው ብቻ ስለሚመጣ ሥራችንን የምንለዋወጠው በፍላሽ ነው። ፍላሿን በፖስታ አሽገን ለምናውቀው የሚኒባስ ሹፌር እንሰጠዋለን፣ ያደርስልናል።

አንድ ጊዜ ሁለታችንም ጋ ቅጂ ኖሮ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እየለወጥን አንድ ሳምንት ለፍተን ነበር። በመጨረሻ የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ጠፋብን። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፤ ሥራው ያለው ፍላሿ ባለችበት ብቻ ነው፣ የላከ ሰው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ያጠፋል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በድብቅ የምጥሰውም እኔው ነበርኩ፤ ለክፉ ቀን ብዬ በሌላ ፍላሽ አንድ ቅጂ እይዝ ነበር።

በዚያ ክረምት የያዝነው ሥራ ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ የካርድ መፈለጊያ ፕሮግራም ነበር። የክሊኒኩን ካርድ ክፍል የሚይዙት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ታካሚው፣ ነርሱ፣ የክሊኒኩ ባለቤት ሳይቀር እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እማማ አልኳቸው። ካርዱ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሰው መጥቶ ስሙን ሲናገር እማማ መዝገብ አይገልጡም። «የማን ልጅ? የትኛው ቀበሌ? አምና እግርህን በሬ የረገጠህ ነህ?» ብለው ይጠይቁና እጃቸውን ልከው ካርዱን ይመዙታል። አማርኛቸው የወላይትኛ ዜማ አለው፤ እኔን ሴቷን «አንተ» ይሉኛል፣ ወንዱን ባልደረባዬን ደግሞ አንዳንዴ «አንቺ»። ሁለታችንም ወደድነው።

ችግሩ፣ ያን ሁሉ ካርድ የሚያውቀው የእሳቸው ጭንቅላት ብቻ ነው። እሳቸው አንድ ቀን ከቀሩ ታካሚው በረንዳው ላይ ይውላል። ራቅ ብላ ዱቦ ከተማ ያገባች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፣ ቀኗም ከጊፋታ በፊት ባለው ሳምንት ነው ተብሏል። እማማ ፈቃድ ጠየቁ። የክሊኒኩ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጨነቀው። «እማማ፣ ፕሮግራሙ ይግባና በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ያለሱ ከሄዱ ግን ክሊኒኩን ዘግቼ አብሬዎት ልሂድ?» አላቸው።

ስለዚህ እማማ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ ደረሰ?» ይላሉ። «ሊደርስ ነው እማማ» እላለሁ። እውነትም ሊደርስ ነበር። የቀረው ጥቂት ማስተካከያ ነበር፤ ያን ጊዜ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ፕሮግራም የሚሠራበት ራሱን የቻለ ሶፍትዌር አለ። እኛ የምንጠቀምበት ቨርዥን ያረጀ ነው። ድሮ አንድ መምህራችን በፍላሽ ሰጠን፣ ከእኛ ሌላው ወሰደ፣ ከሌላው ሌላው፤ እርሾ ከጎረቤት እንደሚወሰደው ማለት ነው። ሶዶም ቦዲቲም ውስጥ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ በዚያው አሮጌ ቨርዥን ሲሠራ ኖረ፣ የማንም ከማንም ጋር አልተጣላም። እንግዲህ ጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ የክፍል ጓደኛችን ከአዲስ አበባ አዲሱን ቨርዥን ይዞልኝ መጣ።

እኔ አዲስ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ጫንኩት። ምኑን ልንገራችሁ! ቀለሙ፣ ፍጥነቱ፣ ስህተት ስጽፍ ከሥሩ ቀይ እያሰመረ መምከሩ! የክሊኒኩን ሥራ ስከፍትበት አንድ ጥያቄ መጣ። ይህ ፋይል የተሠራው በአሮጌ ቨርዥን ነው፣ ወደ አዲሱ ልለውጠው? ከተለወጠ ወደ ኋላ አይመለስም ይላል። እንዴ፣ ጊፋታ አይደል! ለውጠው አልኩት።

በዚህ ብቻ ብበቃ ጥሩ ነበር። የመጥረግ ስሜት ከያዘኝ አልቀር፣ አሮጌውን ቨርዥን ከላፕቶፔ ላይ አጠፋሁ። ቀጥሎ ወንድሜ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ «ለጊፋታ ዘፈን ጫኝልኝ» ብሎ ሲነዘንዘኝ ሰንብቶ ነበርና ባዶ ፍላሽ ፈለግሁ። መሳቢያዬ ውስጥ አንዲት አገኘሁ። የሥራው ድብቅ ቅጂ ያለባት ናት። ዋናው ሥራ አዲስ ሆኖ አምሮ ተቀምጧል፣ አሮጌ ቅጂ ምን ይሠራል? ደመሰስኳትና «ዮ ዮ ጊፋታ»ን ከነጓደኞቹ ሞልቼ ሰጠሁት። ወንድሜ በጣም ነው ያመሰገነኝ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን አስጊጬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ኮምፒውተራቸው ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ሽማግሌ ነው። ፍላሿን ሰካሁ፣ እማማ ከኋላዬ ቆመዋል፣ የክሊኒኩ ባለቤት በሩ ላይ ቆሟል። ከፈትኩ። ጥቁር ሳጥን ብልጭ አለና ጠፋ። ደገምኩ፣ ብልጭ አለና ጠፋ። በሦስተኛው አንድ መልእክት መጣ፤ ይህ ኮምፒውተር ለዚህ ፕሮግራም በጣም ያረጀ ነው። አዲሱ ቨርዥን የሠራውን ያ ሽማግሌ አይቀበልም፤ የሚቀበለው የአሮጌውን ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል» አልኩ። ጆሮዬ ግሎ ነበር።

እንደ ወጣሁ ፍላሿን ወደ ቦዲቲ ላክሁ፤ ባልደረባዬ አሮጌው ቨርዥን ስላለው ከፍቶ ይመልስልኛል ብዬ። በማግስቱ ጠዋት ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የላክሽልኝ? አይከፈትም እኮ።»

ነገርኩት።

«የአንተ ነው ያረጀው» አልኩ፣ ጥፋተኛ ስሆን መቅደም እወዳለሁና። «አዲሱን ጫን፣ ይከፈትልሃል።»

«እኔ ጋ ቢከፈት የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል?»

አይሠራም። ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን። አዲሱ ቨርዥን የነካውን አሮጌው አያውቀውም፤ አዲሱ ራሱ ወደ ኋላ ልመልስ ቢል እንኳ እንደኛው እስካረጀ ቨርዥን ድረስ አይወርድም። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለም፣ በሕጉ መሠረት እሱ አጥፍቷል፣ ከሕጉ ውጭ የያዝኩትን ደግሞ ወንድሜ በሶዶ መርካቶ መንገድ እያስጨፈረበት ነው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለና ዘጋው።

ቆሽቴ አረረ። ተረት በስልክ የሚተረትብኝ ማን ስለሆነ ነው! አራት ቀን ሳንነጋገር ቀረን። በእነዚያ አራት ቀኖች ከላፕቶፔ ጋር ተፋጥጬ የጠፋውን ፋይል ልመልስ ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ እኔ ድስቱንም ጥጄ ነበር፣ ማልቀሱም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በዚህ መሃል ወንድሜ ባጃጁን ከቢሮዬ ሥር ባቆመ ቁጥር ዘፈኑ በመስኮት ይገባል። አንድ ቀን መስኮቱን በንዴት ስዘጋው መስተዋቱ ተሰነጠቀ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት እማማ ደወሉ። «ልጄ፣ ደረሰ?»

መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አዲሱን፣ አሮጌውን፣ ዘፈኑን ሳይቀር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የተጻፈ ወረቀት የለም?»

ሳቅሁ። «እማማ፣ ይሄ በወረቀት የሚጻፍ አይደለም።»

ስልኩን እንደ ዘጋሁ ግን ሳቄ ከአፌ ላይ ደረቀ። በወረቀት የሚጽፍ አንድ ሰው አለ! ባልደረባዬ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ለአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ አንድ ኮምፒውተር ነበር። ተራው እስኪደርስ ኮዱን በደብተር በእርሳስ ይጽፋል፣ ተራው ሲደርስ ይተይባል። ያ ልማድ ዩኒቨርሲቲም አለቀቀውም፣ ዛሬም አለቀቀውም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብስበታል። ስንት ዓመት ቀልጄበታለሁ! «የደብተሩ ሊቅ» እለው ነበር። አሁን ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ የደብተሩን ሊቅ መለመን ሊኖርብኝ ነው።

ደወልኩ። ሰላምታም አላልኩ። «የክሊኒኩ ሥራ ደብተር ላይ አለ?»

«አለ» አለኝ። «ሦስት ደብተር ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋህ?»

«አልጠየቅሽኝም። ደግሞ ችግር አለው። ብዙውን የጻፍኩት ሚኒባስ ላይ ነው። ራሴም ማንበብ አቃተኝ።»

አውቀዋለሁ ጽሑፉን። ጭረቱ ጭረት ላይ ይወጣል፣ እርሳሱም ደብዝዟል። ኮድ ደግሞ እንደ ደብዳቤ በግምት አይነበብም፣ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ሁሉም ይቆማል። ለእማማ መልሼ ደውዬ ይህን ስነግራቸው በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ አይደለም የኖርኩት? ነገ ቅዳሜ ነው፣ እመጣለሁ። ቦዲቲ የት ነው ቤቱ?»

ቅዳሜ ጠዋት እማማን ሶዶ መናኸሪያ ተቀብዬ አብረን ቦዲቲ ገባን። የጊፋታ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በከብትና በሰው ተጨናንቋል፤ ባጃጃችን ከአንድ ቀይ በሬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታ እኛ ነን የተመለስነው። ባልደረባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እሱ እማማን አየ፣ እኔ አጥሩን አየሁ።

እማማ አልተቀመጡም። «ደብተሩ ቆይ» አሉ። «እናንተ ተኳርፋችኋል። ጊፋታ ሳምንት ነው የቀረው። ኩርፊያ ይዞ ወደ አዲስ ዓመት የሚሻገር የለም። ማነው ያጠፋው?»

«እኔ» አልኩ። ለራሴም ገረመኝ፤ እንዲህ ቀላል ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።

«እኔም ስልክ ዘግቻለሁ» አለ እሱ።

«በሉ ተሳሳሙ።» ተሳሳምን። እሱ ወዲያው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ ጆሮዬ ሥር፤ በክርኔ ጎነጥኩት። ከዚያ ተቀመጥን።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ፊደል በፊደል ያነባሉ፤ እኔ በባልደረባዬ ላፕቶፕ፣ በአሮጌው ቨርዥን እተይባለሁ፤ እሱ ደግሞ ከጎኔ ሆኖ የተተየበውን ያጣራል። እማማ የሚያነቡት ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። ፊደሉን ግን ያውቁታል። አንድ ቦታ ላይ ባልደረባዬ «እሱ ኤል ነው» ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም፣ አንድ ቁጥር ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት።»

«ብትጽፈውም። አንድ ስትጽፍ እግሩን ታጥፋለህ፣ ኤል ስትጽፍ አታጥፍም። እየው እዚህ፣ እየው እዚያ።»

አየን። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ሁለተኛው ደብተር መሃል ላይ «የአሮጌ ካርድ ቁጥር» የሚል ክፍል መጣ። ክሊኒኩ በአዲስ ቁጥር ሊጀምር ስለሆነ የድሮው ቁጥር ትርፍ ነው ብዬ ባለፈው ያወጣሁት ነበር፤ «ይህንን እንዝለለው» አልኩ።

እማማ ደብተሩን ዘጉብኝ። «የድሮ ሰው በአዲሱ ቁጥር ማን ነኝ ይላል? እኔ ቁጥር በተቀየረ ጊዜ ሁሉ የድሮውን ከጎኑ በእርሳስ እጽፋለሁ። ጻፍ።» ጻፍኩ።

ለምሳ ገንፎ መሳይ ሙቿ በቅቤ ቀረበልን። እማማ ብዙም አልበሉም፣ ስልካቸውን ደጋግመው ያያሉ። ልጃቸው ጠዋት ወገቧን አሞኛል ብላ ነበር።

«ብዙ ጊዜ አለ እማማ፣ የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል ይባላል» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ» አሉ። እጃቸውን ታጥበው ሲያደርቁ ቆዩና እንዲህ አሉን። «እኔ እሷን ስወልድ እናቴ አልደረሰችም። ዝናብ ነበር፣ ወንዙ ሞላ፣ በማግስቱ ነው የመጣችው። ያን ቀን ሙሉ በሩን እያየሁ ነው የወለድኩት። ይከፈታል፣ ይከፈታል እያልኩ።» ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። «ንባቡ የት ደረሰ?»

እኔና ባልደረባዬ አልተያየንም። የዘንድሮው ወንዝ የሞላው እኔ ዘፈን ስጭን ነው አልኩ በልቤ፣ በጣም አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም፤ ጣቶቼ እንደዚያ ፈጥነው አያውቁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስተኛው ደብተር አለቀ። ፕሮግራሙን አስነሣነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ፤ እማማ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ አገኟቸው፤ በሦስተኛው ተነሣ። እማማ በወላይትኛ «ሎኦ!»፣ መልካም ነው፣ ብለው አጨበጨቡ። መልኩ ያው አሮጌው፣ አመድማ ነው። በዕድሜዬ እንደሱ ያማረ ነገር አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ክሊኒኩ ሄድን። ሽማግሌው ኮምፒውተር እያጓራ ተነሣ፣ የራሱ ዘመን ሰው እንደመጣለት ሁሉ ፕሮግራሙን ሳያንገራግር ተቀበለው። የክሊኒኩ ባለቤት «እማማ፣ እርስዎ አይንገሩን፣ ዝም ብለው ይቁሙ» አለ፤ በእሳቸው ቦታ ነርሷ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ታካሚ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን ተናገሩ፣ ነርሷ ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ በዚያው ስም ስድስት ሰው ተደረደረ። ነርሷ ወደ እማማ ዞረች። እማማ ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያውን ያያሉ፤ መልሱ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል።

አዛውንቱ ከኪሳቸው የታጠፈች፣ ጠርዟ ያለቀ ወረቀት አወጡ። የድሮው ቁጥራቸው ናት። ነርሷ በዚያች በአሮጌ ቁጥር ቦታ ጻፈችው። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ መደርደሪያው፣ ረድፉ፣ ሁሉም ወጣ። ካርዱ በእጃቸው ሲገባ ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሣ።

የክሊኒኩ ባለቤት «በሉ እማማ» አለ። «ምን ይጠብቃሉ?»

እማማ ቦርሳቸውን ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሩ ሥር አዘጋጅተውት ነበር። ሚኒባስ ላይ አሳፈርናቸው። ያን ቀን አልደወሉም፤ በማግስቱም አልደወሉም። እኔ በምሳ ሰዓት ስልኬን አያለሁ። ከልማዱ የተነሣ ጥሪው ናፈቀኝ፤ ፈራሁም።

ረቡዕ፣ ያውም በምሳ ሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። ከወዲያ የሴቶች እልልታና የሕፃን ልቅሶ አንድ ላይ ይሰማል። ለመስማት የተሰነጠቀውን መስኮት ዘጋሁ፤ ወንድሜ ከሥር ዘፈኑን ከፍቶታል።

«እማማ? ደረሰ?» አልኩ፤ የዚያን ቀን ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

«ደረስኩ» አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ፣ ኔትወርኩ ይሁን ሌላ አላውቅም። «ልጄ፣ ሰኞ ማታ ነው የገባሁት። ዛሬ ጠዋት ወለደች። ስትወልድ በሩን አንድ ጊዜም አላየችም። እኔን ነበር የምታየው።»